የግራ መቀሱ አድራሻ

ማኅበሩ በየግሩፑ የተከፋፈለው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መቶ ስድሳው ባለሙያ፣ አናጢው፣ በያጁ፣ ሶፋ ሠሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አንድ ግሩፕ ውስጥ ታጭቆ ሲንጫጫ ይውል ነበር። አንዱ ስለ ሙጫ ሲጠይቅ ሌላው የልጁን ፎቶ ይለጥፋል፤ ሦስተኛው መሃል ገብቶ አምና የተሳቀበትን ቀልድ እንደ አዲስ ያወራል። አንድ ቀን አንድ አናጢ የሰቀለውን በር ፎቶ አንስቶ አሳየ። ሌላው አናጢ ከሥሩ "ይሄ በር ነው ወይስ የዶሮ ቤት መክደኛ?" ብሎ ጻፈ። መቶ ስድሳ ሰው ሳቀ። በሩን የሠራው አናጢ ግን አልሳቀም፤ መዶሻውን አንስቶ ወጣ።

ያገኘው መስታወት ቆራጩ ሱቅ ውስጥ ነው። ተሳላቂው ለቁምሳጥን የሚሆን መስታወት ሊያስቆርጥ መጥቶ፣ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆሟል። "እስቲ አሁን ሳቅ!" የሚል ድምፅ ሰምቶ ዞር ሲል መዶሻው አፉ ላይ አረፈ። ሦስት ጥርሱ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተበተነ። ሰውየው ወደቀ፤ ሲነሳ ግን ባዶ እጁን አልተነሳም፤ የጨበጠውን የመስታወት ስባሪ የመቺው ጉንጭ ላይ ከጆሮ እስከ አገጭ አሳለፈው። አራት ሙሉ መስታወት ረገፈ። ባለሱቁ ሁለቱን ሲገላግል ሸሚዙ የማን እንደሆነ በማይታወቅ ደም ራሰ፤ እነሱ ሐኪም ቤት ከሄዱ በኋላ ወለሉን በሦስት ባልዲ ውሃ አጠበ። ሲያጥብም "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር እኔ እያለሁ አይሆንም" ብሎ ለራሱ ማለ።

ይህ መስታወት ቆራጭ የማኅበሩ አድሚን ነው። ሰው ሁሉ "መስመር" ይለዋል፤ እናቱ እንኳ ስትናደድ በዚሁ ነው የምትጠራው። "መስመር ይያዝ" የምትለዋ ቃል ከአፉ አትጠፋም። ካልሲው በቀለም ተራ ይደረደራል፤ እርሳሱ ከጆሮው አይወርድም፤ አርባ ዓመት እስኪሞላው ያላገባውም ሚስት የምትሰለፍበት መስመር ስላላገኘላት ነው እያሉ ያሙታል። ክፉ ሰው አልነበረም። ነገር ሁሉ ቦታ ቦታውን ከያዘ ሰው ሰውን አይመታም ብሎ ከልቡ የሚያምን ሰው ነበር፤ ለነገሩ ጥፋቱም እዚህ ላይ ነው።

በሳምንቱ ካርቶን አምጥቶ፣ ሰሃን ደፍቶ፣ በእርሳስ አራት ክቦች ሣለ። አንዱ እንጨት፣ አንዱ ብረት፣ አንዱ ስፌት። አራተኛው ውሰት ነው፤ መሣሪያ የሚዋዋሱበት። ክቦቹን ግን ለያይቶ አልሣላቸውም፤ ጫፍ ጫፋቸውን አነባበራቸው። ሁለት ክብ በተነባበረበት ቦታ ላይ ከሁለቱም ግሩፕ የሆነ ሰው ይቀመጣል፤ እሱም ድልድይ ይባላል። ድልድዩ በየሰኞ ጠዋት በአንዱ ግሩፕ የተባለውን ጠቃሚ ነገር ወደ ሌላው ያሻግራል። ስድቡ እዚያው ይቀራል፤ የሚጠቅመው ብቻ ይሻገራል። የዘዴው ቁም ነገር ይኸው ነበር።

ከድልድዮቹ ሁሉ ዋነኛው ጋሽ ሞረድ ነበሩ። ቢላ፣ መጥረቢያ፣ መጋዝ፣ መቀስ የሚስሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለት የሌለው ባለሙያ ስለሌለ በአራቱም ግሩፕ ውስጥ አሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው፣ በአንድ ጣት ስልኩን እየነካኩ፣ ሰኞ ሰኞ ከሁሉ ቀድመው ያሻግራሉ። ማንበብ እንጂ ማጣራት አይሆንላቸውም፤ የተጻፈውን እንዳለ ነው የሚያሻግሩት። መስመር ይህን ያውቅ ነበር፤ ታማኝነታቸውን ስለሚወድ አንድም ቀን አልተናገራቸውም።

ዘዴው ሠራ። አንድ ዓመት ሙሉ በግሩፕ ምክንያት ማንም ማንንም አልመታም። ጥርሱ የወለቀው አናጢና ጉንጩ የተተረተረው አናጢ እንኳ ታርቀው አንድ ላይ ሥራ መያዝ ጀመሩ፤ ሰዉም አንዱን ጥርሰ ቢሱ፣ ሌላውን ጠባሳው እያለ ፊት ለፊታቸው ይጠራቸዋል። መስመር ካርቶኑን በገዛ እጁ በቆረጠው መስታወት አስገብቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ደንበኛ ሲመጣ ዓይኑ ወደዚያ እንዲሄድለት ሆን ብሎ ጎንበስ ይል ነበር።

ታናሽ እህቱ ሶፋ ሠሪ ናት። እሱ ሚጢ ይላታል፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ቢሆንም ለእሱ ሚጢ ናት። ባሏ ከብረት ግሩፕ ነው፤ በያጅ ነው፣ ያውም ስመ ጥር። ስስ ብረት ሳያቃጥል መበየድ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ማንም ቢጠይቀው ሳይሰለች ያስረዳል፤ ግሩፑ ውስጥ "እጅህ ይባረክ" ሳይባል የሚውልበት ቀን የለም። ያቺ እጅ ቤት ስትገባ ምን እንደምትሠራ ግን ማንም አልጠየቀም ነበር።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚጢ በሚስቅ ሰው አኳኋን ፊቷን አጣማ እናቷ ቤት ገባች። ሳቅ አልነበረም፤ መንጋጋዋ ነው። ባሏ ራሷ ከሠራችው ሶፋ ላይ እግሩን ነቅሎ፣ በዚያው የሶፋ እግር ነበር ከወጥ ቤት እስከ ደጃፍ እየነዳ የደበደባት። ቀሚሷን ገልጣ ጎኗን ስታሳይ እናቷ ፊቷን ነጨች። መስመር ቆሞ አየ። ደሙ ፈላ፤ ወጥቶ ሊሄድ ሲል እናቱ በሩ ላይ ተገትራ "አንተም ሞተህ ሁለት ሬሳ ልታቀፍ ነው? መጀመሪያ ልጄን ደብቅልኝ!" አለችው።

ደበቃት። መጋረጃ ሰፊዋ የሚጢ የልብ ጓደኛ ናት፤ ሥራ ቤቷ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ሲሆን አረንጓዴ በር አለው፤ ከኋላው አንድ ክፍል አለ። ሚጢ እዚያ ገባች። ስልኳን ዘጋች። ይህን የሚያውቁት እናቷ፣ መስመርና መጋረጃ ሰፊዋ ብቻ ናቸው፤ ጎረቤት እንኳ አልሰማም።

በያጁ በሦስተኛው ቀን መስመር ሱቅ መጣ። ሰላምታ አልሰጠም። መስመር ማስመሪያውን መስታወት ላይ አጋድሞ እየለካ ሳለ ማጅራቱን ያዘና ፊቱን ጠረጴዛው ላይ ደፈቀው። ከጉንጩ ሥር ስብርባሪ መስታወት ሲንኮሻኮሽ ተሰማው።

"የት ናት?"

"አላውቅም።"

"ሚስቴ ናት፤ የት ናት?"

"አላውቅም አልኩህ።"

በያጁ የመስመርን ግራ እጅ ጎትቶ፣ ትንሿን ጣት ለብቻዋ ለይቶ ወደ ኋላ ቀለበሳት። ቀጭን እንጨት ሲሰበር ያለ ድምፅ ወጣ። መስመር ጮኸ፤ ሱሪው ላይ ሸና። ቢሆንም አልተናገረም። በያጁ ጆሮው ሥር ዝቅ ብሎ "ዘጠኝ ይቀርሃል" አለው፤ ይኼኔ ደንበኛ ገባና ለቀቀው። መስመር ከወለሉ ላይ ሲነሳ ግማሽ ፊቱ ቀይ ነበር። ለእናቱ ግን በኩራት ነው የነገራት፤ "አንዲት ቃል አልወጣኝም እማዬ! አንዲት ቃል!"

እናቱ ጣቱን በጨርቅ እያሰረችለት "እንግዲያው ያን አውሬ ከማኅበርህ አባረው" አለችው።

መቼም ሰው የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። መስመር በያጁን ከውሰት አስወጣው፤ ሚጢ መሣሪያ የምትዋሰው ከዚያ ስለሆነ። ከብረት ግሩፕ ሊያስወጣው ሲል ግን ጉድ ፈላ። "የቤት ነገር በቤት ይለቅ" አሉ። "ተናዶ ነው፤ ማን ያልተናደደ አለ?" አሉ። አንዱ ዓይኑን በጨው አጥቦ "እሱ ከወጣ ስስ ብረት ማን ሊያስተምረን ነው?" ብሎ ጠየቀ። በመጨረሻ አርባ አንዱም የብረት ግሩፕ አባላት "እሱ ከወጣ እኛም እንወጣለን" ብለው ፈረሙ። መስመር ግድግዳው ላይ ያለውን ካርቶን አየ፤ ከአራቱ ክብ አንዱ ተቦጭቆ ሲወጣ ታየው። ሆዱ ባባ። ለጣቱ ሳይሆን ለካርቶኑ።

"ግሩፑ የሥራ ነው እማዬ፤ ብረቱን ብቻ ነው የሚያወራው። ከውሰት አስወጥቼዋለሁ፤ ስለ ሚጢ አንድም ነገር አያይም" አላት።

"አርባው ሰው ገደል ይግባ! እኔ ያለችኝ አንዲት ሴት ልጅ ናት!" ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ ብታቀርብለትም አታነጋግረውም።

ስለ ግራ መቀሱ አሁን መንገር አለብን። ጋሽ ሞረድ አንድ ጊዜ ከውዳቂ ብረት መሃል አንድ ትልቅ የጨርቅ መቀስ አግኝተው ነበር፤ ስለቱ ተገልብጦ የተሠራ፣ ለግራ እጅ ብቻ የሚሆን። ስለው፣ አሳምረው ለውሰት ሰጡት። ከመቶ ስድሳው ሰው በግራ እጇ የምትቆርጠው ሚጢ ብቻ ነበረች። ሌላ ሰው ሲሞክረው ጨርቁን ያኝከዋል እንጂ አይቆርጠውም፤ ስለዚህ ስሙ የማኅበሩ ይሁን እንጂ ከእሷ እጅ ወጥቶ አያውቅም። ስትደበቅ ከልብሷ ቀጥላ የጠየቀችው እሱን ነው። "ወንድም ጋሼ፣ እጄን አጣጥፌ ከተቀመጥኩ አብዳለሁ" ስትለው መስመር ራሱ በጋዜጣ ጠቅልሎ ወሰደላት።

በውሰት ግሩፕ ሠላሳ አንድ መሣሪያ አለ። ሕጉን ያወጣው መስመር ነው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ማን ዘንድ፣ የት እንዳለ በየሰኞው ይጻፋል፤ ቀጣዩ ፈላጊ ላይ ታች ሳይል ሄዶ እንዲወስድ። ሚጢ ከተደበቀች ወዲህ ዝርዝሩ ተቋርጦ ነበር፤ ጣቱ በተሰበረ በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት እንደገና ሲያዘጋጅ አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ደረሰ። የግራ መቀስ። እጁ ቆመ።

ዝም ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። አለፈውም። ዝርዝሩ ሠላሳ ሆነ። ሠላሳ ሲሆን ግን አሥራ ስድስት ብሎ አሥራ ስምንት የሚል ቀዳዳ ታየው፤ ቀዳዳዋ ዓይኑን ወጋችው። ቁጥሩን ቢያስተካክል ደግሞ አንዱ ተነስቶ "መቀሱስ?" ቢልስ? ሰው መጠየቅ ከጀመረ ነገር ይመጣል ብሎ አሰበ። የእሷን ስም እስካልጻፍኩ ድረስ ምን ችግር አለው? በያጁም ቢሆን ከውሰት ወጥቷል። እንዲህ እንዲህ እያለ ራሱን አባብሎ፣ ባልተሰበረው እጁ ጻፈ፤ "17. የግራ መቀስ፦ መጋረጃ ሰፊዋ ዘንድ፣ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር።" እንዲያውም ስሟን በመተዉ ብልህ የሆነ መሰለው። ላከና ሥራውን ጀመረ።

ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ መስታወት ቆርጦ ሲያበቃ ሻይ ይዞ ተቀመጠና እንደ ልማዱ ግሩፖቹን በየተራ ማየት ጀመረ። እንጨት፣ ደህና ነው። ስፌት፣ ደህና ነው። ብረትን ከፈተ። ትናንት አንድ ልጅ እግር በያጅ ብረት ነክሶ የሚይዘውን ትልቁን ሞርሳ የት እንደሚያገኝ ጠይቆ ነበር። ጋሽ ሞረድም ደንቡን አክብረው፣ ሞርሳው ያለበትን መስመር ብቻ ከማሻገር ይልቅ ሠላሳ አንዱንም እንዳለ አሻግረውታል። ከሥሩ "እጅዎ ይባረክ ጋሽዬ" የሚል አለ። ከዚያ ደግሞ አንድ የተቀሰረ አውራ ጣት አለ። ማን እንዳደረገው ለማየት ነካው። የበያጁ ነው። ከሃያ ደቂቃ በፊት።

ሻዩ ከመስመር እጅ ወደቀ። ከመቶ ስድሳ ሰው መሃል ግራ መቀስ የሚይዝ ማን እንደሆነ ባሏ አይደለም፣ ማኅበሩ በሙሉ ያውቃል። ስም መጻፍ አላስፈለገም ነበር። ጣቱ ተሰብሮ ያልተናገረውን፣ ማንም ሳይነካው፣ ሻይ ሳይጠጣ በፊት በቁጥር አድርጎ ጽፎታል።

ለሚጢ ደወለ፤ ዝግ ነው። ለመጋረጃ ሰፊዋ ደወለ፤ "ጨርቅ ልገዛ ወጥቼ ነው፣ ምነው ድምፅህ?" አለችው። ስልኩን ሳይዘጋው እየሮጠ ወጣ። እየሮጠም በአንድ እጁ፣ ፊደል እየገደፈ፣ በእንጨት፣ በስፌትና በውሰት ጻፈ፤ "ዳቦ ቤቱ አካባቢ ያላችሁ አረንጓዴው በር ድረሱ እህቴን ሊገድላት ነው።" ዕድሜ ልኩን መልእክት የሚጽፈው በአራት ነጥብ ዘግቶ፣ አንብቦ፣ አርሞ ነበር።

ነፍሱ እስክትወጣ ሮጠ። ዳቦ ቤቱ ጋ ሲደርስ የተሰለፉት ሰዎች ሁሉ አንገታቸውን ወደ ኋለኛው መንገድ አስግገው ቆመዋል፤ ማንም ግን አልተንቀሳቀሰም። አረንጓዴው በር ከአንዱ ማጠፊያው ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል። ከውስጥ የሚጢ ድምፅ ይሰማል፤ ልመና አልነበረም፤ ስድብ ነው።

ክፍሉ በስፖንጅ ብጥስጣሽ ተሞልቷል። ግማሹ ጨርቅ የለበሰ ሶፋ ተገልብጧል። ሚጢ ከጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ በስተኋላ ግድግዳ ላይ ተጣብቃ፣ መቀሱን በግራ እጇ ጨብጣ ትወነጭፋለች። በያጁ ክንድ የሚያህል ፌሮ ይዟል። መስመር ከበሩ እግሩን ሲያነሳ በያጁ የግራ እጇን አንጓ ያዘና ጠረጴዛው ላይ ጎትቶ ዘረጋው።

"በዚች እጅ ነው አይደል ያለ እኔ የምትኖሪው?" አለ።

ፌሮው ወረደ። አንዴ። መስመር ገና ጀርባው ላይ ሳይደርስ ሁለተኛ። የአጥንቱ ድምፅ ከእሷ ጩኸት ቀድሞ ተሰማ። መቀሱ ከጣቶቿ ወድቆ ጠረጴዛው ላይ ተሽከረከረ።

መስመር ዘሎ አንገቱ ላይ ተጠመጠመ፤ ጆሮውን ነከሰው። ሕይወቱን ሙሉ ሰው መትቶ አያውቅም፤ እንዴት እንደሚመታም አያውቅ፤ ያገኘውን ነከሰ። በያጁ በክርኑ ጎኑን ሲለው ሁለት የጎድን አጥንቱ ተሰበረ፤ ወደቀ። ከላዩ ፌሮው ሲነሳ አየ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ሚጢ መቀሱን ባልለመደ ቀኝ እጇ አንስታ የባሏ ትከሻ ውስጥ እስከ እጀታው ሰክታዋለች። አንገቱን ነበር ያሰበችው።

በያጁ እንደ በሬ አጓራ። ዞሮ ፀጉሯን ሲጨብጥ ሁለቱ አናጢዎች በተገነጠለው በር ገቡ፤ ጥርሰ ቢሱና ጠባሳው። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ጣሪያ ሲሠሩ መልእክቱን አንዱ ለሌላው አንብቦለት ነበር። ጠባሳው ያቺኑ መዶሻውን የበያጁ ጉልበት ላይ አሳረፋት። ጥርሰ ቢሱ በወደቀበት በእግሩ ጀመረው። ፊቱን፣ ሆዱን፣ እንደገና ፊቱን። መስመር መሬት ላይ ተቀምጦ አየ፤ ደስ አለው። እውነቱ ይህ ነው፤ ደስ አለው። "እጁን! እጁን ስበሩት!" ብሎ ሲጮህ የገዛ ድምፁን አላወቀውም። ጠባሳው የበያጁን ቀኝ እጅ በጫማው ረግጦ መዶሻውን አነሳ።

"በቃ!" አለች ሚጢ። የተጨፈለቀ እጇን በጉያዋ ይዛ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። "ይበቃል አልኩ! የእሱ መሰበር የእኔን አይጠግንልኝም።" መዶሻው አየር ላይ ቆመ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደ።

ፖሊስ በያጁን በቃሬዛ ወሰደው። መቀሱንም በፕላስቲክ አድርጎ ወሰደው።

ግሩፖቹ ውስጥ ግን ነገሩ አልበረደም። ብረት "ሚስቱ ወጋችው" አለ፤ ስፌት "ይበለው" አለ፤ በሁለቱ መሃል ያሉት ድልድዮች አንዱን ስድብ ለሌላው እያሻገሩ ሳምንቱን ሰነበቱ። ዓመት ሙሉ እዚያው ይቀር የነበረው ስድብ አሁን ሰኞን እንኳ ሳይጠብቅ በየጠዋቱ ተሻገረ። የመስመር ሱቅ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ከዚያ አንዱ "አድራሻዋን ብረት ላይ የለጠፉት ጋሽ ሞረድ አይደሉም እንዴ?" ብሎ ጻፈ። ሁሉም ወደዚያ ዞረ። ሽማግሌው "እኔ የት አውቄ ልጆቼ፣ የተጻፈውን ነው ያሻገርኩት" ቢሉ ሰሚ አላገኙም። ሐሙስ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከስፌት ግሩፕ አንድ ጎረምሳ መንገድ ላይ አስቁሟቸው በቡጢ ጣላቸው፤ መሳያ ድንጋያቸውንም አንስቶ አስፋልቱ ላይ ከሁለት ሰበረው።

መስመር ይህን ሁሉ ጎኑን በፋሻ አስሮ፣ እናቱ ቤት ተኝቶ አነበበ። ዝርዝሩን ማን እንደጻፈው ማንም አልጠየቀም፤ ዝርዝሩ ራሱ በቅሎ የመጣ ይመስል። እሱም ነገ እናገራለሁ እያለ ሦስት ቀን ዋለ። ፈሪ ነበርና ዝም አለ፤ ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሚጢን ሊጠይቅ ሐኪም ቤት ሄደ። ግራ እጇ እስከ ክርኗ በጄሶ ተሸፍኗል። ሐኪሙ ሦስቱ ጣቶች ከእንግዲህ እንደማይታጠፉ ነግሯታል። አላለቀሰችም፤ መስኮት መስኮቱን ታያለች።

"ጋሽ ሞረድን ደበደቧቸው አሉ" አለችው።

"አዎ።"

"ምስኪን ሰውዬ። እሳቸው ያገኙትን ነው የሚያሻግሩት። መጀመሪያ የጻፈው ማን ነው ወንድም ጋሼ?"

መዋሸት ይችል ነበር፤ ውሸቱም ተዘጋጅቶ አፉ ላይ ቆሟል። የታሰረች ትንሽ ጣቱን አየ። "እኔ ነኝ" አላት። "ቁጥሩ ጎደለብኝ። ስምሽን ካልጻፍኩ ምንም አይሆንም ብዬ... ቁጥሩ ጎደለብኝ ሚጢዬ።"

ሚጢ በቀኝ እጇ በጥፊ መታችው። ያልለመደ እጅ ነውና ጉንጩን ስቶ ጆሮው ላይ አረፈ። ደገመችው፤ ሁለተኛው ጉንጩን አገኘው፤ በያጁ ስብርባሪው ላይ የደፈቀበትን ጉንጭ፣ ቁስሉም ተከፍቶ ደማ። ጎኑ እየወጋው፣ ሳይሸሽ፣ ፊቱን አቅርቦላት ቆመ።

"ጻፈው" አለችው። "በአራቱም። አሁን፣ እዚሁ እያየሁህ።"

ስልኩን አወጣ። "የእህቴን አድራሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ሞረድ አላወቁም። በያጁንም ማባረር ሲገባኝ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ።" በእንጨት ላከ። በብረት ላከ። በስፌት ላከ። በውሰት ላከ። ድልድይ አልጠበቀም። በመጀመሪያው ግሩፕ "ጋሽ ሞረድ ግሩፑን ለቀዋል" የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ በሁለተኛው። በሦስተኛው። በአራተኛው።

መስመር ስልኩን ጭኑ ላይ ደፍቶ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። ሚጢ አላባበለችውም። ልቅሶው እስኪወጣለት ጠበቀችና፣ የታሸገውን እጇን በትራሱ ላይ አስተካክላ፣ ወደ መስኮቱ ዞረች።

"የቀኝ መቀስ ፈልግልኝ" አለችው። "ትንሽ ይሁን፤ ልለማመድበት። የት እንዳለ ግን እንዳትጽፍ።"